የቀረችው ዓይን

የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲነሡ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን የዳግማዊ ምኒልክ አያት መሆናቸው ነው። ከዚያ ካለፈ ደግሞ ፍንፍኔ ሜዳ ላይ ገበጣ ሲጫወቱ የልጅ ልጃቸው እዚህ ቦታ ቤት እንደሚሠራ ተነበዩ የሚለው ትረካ አለ። እንጦጦ ሥር ላደግን ልጆች ይሄ ተረት ከአያት የምንሰማው ነው። አንድ ዓይናቸው እንደማያይ ግን ማንም አልነገረንም።

ዓይናቸውን የወሰደው ጦር አልነበረም፣ በሽታ ነው። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝን መልእክተኞች መርቶ ሸዋ የገባው ካፒቴን ሃሪስ፣ ንጉሡ በለጋ ዕድሜያቸው በዓይን ሕመም አንዱን ዓይን እንዳጡ፣ ይሁንና ፊታቸው ግርማ እንዳልተለየው ጽፏል።

አባታቸው ራስ ወሰን ሰገድ በ1805 ዓ.ም. ሲገደሉ ሣህለ ሥላሴ ገና ወጣት ናቸው፣ ያሉትም ገዳም ነው። ታላቅ ወንድማቸው እስኪደርስ አልጠበቁም። ወደ ቁንዲ ገሥግሠው አልጋውን ያዙ፣ ወንድሞቻቸውንም ጎንቾ አሰሩ። ከዚያ በኋላ 34 ዓመት ገዙ፤ አንኮበርና አንጎለላ ተቀምጠው ፈረዱ፣ በየዓመቱም ዘመቱ። የዘመቻ አቧራ፣ የግቢ ጭስ፣ የደጋ ፀሐይ፣ ይሄ ሁሉ በአንድ ዓይን ነው እንግዲህ።

በዚያ ዘመን የነበረው ሕክምና ምንድን ነው? ኩል፣ ቅጠል፣ ጠበል። በኛ ደጋ ስንቱን ያሳወረው ትራኮማ ደግሞ አንዴ ይዞ የሚለቅ አይደለም። እየተመላለሰ የዓይን ቆቡን ውስጥ ያቆስላል፣ ቁስሉ ሲጠባበስ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ብሌኑን ይፍቃል። ዛሬ በሽታው በበዛባቸው ወረዳዎች ለሕዝቡ አዚትሮማይሲን በዘመቻ ይታደላል፣ የታጠፈውም ቆብ በቀላል ቀዶ ሕክምና ይቃናል። ያኔ ይሄ ለንጉሥም አልነበረም።

ስለዚህ ይመስለኛል መድኃኒት አጥብቀው የሚፈልጉት። በ1831 ዓ.ም. ሚሲዮናውያኑ ክራፍና አይዘንበርግ መጡ፣ ወዲያው ፈረንሳዊው ሮሼ ተከተለ፣ ከዚያ ሃሪስ ሐኪም ጭምር ይዞ ደረሰ። ንጉሡ ከፈረንጆቹ የሚሹት ጠመንጃ ብቻ አልነበረም፤ መድኃኒትም ደጋግመው ይጠይቁ፣ ያከማቹም ነበር። በኅዳር 1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙትን ውል የታሪክ መምህሮቻችን ሲያስተምሩን ጠመንጃውን አይረሱም፣ የመድኃኒቱን ነገር ግን ዝም ብለው ያልፉታል። እኔ ያኔ ጋዜጠኛ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ስለሱ ነበር።

ሃሪስ ይህን የመድኃኒት ፍቅር እንደ መሳቂያ ነገር ነው ያየው። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሰፈራችን የካ ሚካኤል አንዲት የግላኮማ ታማሚ እናት አሉ። አንዱ ጠብታ ሳያልቅ ሌላ ካልገዙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ጠዋትና ማታ፣ በበዓልም፣ በለቅሶም ቢሆን ጠብታዋ ከነጠላቸው ጫፍ አትለይም። የጠፋውን አይመልስላቸውም፤ የሚጠብቀው የቀረውን ነው። አንድ ዓይን አጥቶ ሁለተኛውን ይዞ የሚኖር ሰው መድኃኒት ቢያከማች ምን ይገርማል?

ሣህለ ሥላሴ በጥቅምት 1840 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ላይ ሞቱ። ልጃቸው ኃይለ መለኮት ነገሡ። አንጎለላ የተወለደው የልጅ ልጃቸው ምኒልክ ያን ጊዜ የሦስት ዓመት ሕፃን ነው። አድጎ እንጦጦ ላይ ከተመ፣ ከዚያም ወደ ፍንፍኔ ወረደ። ሐኪም ቤትም አሠራ። በስሙ የሚጠራው ምኒልክ ሆስፒታል ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት የዓይን ሐኪሞችን ያሠለጠነው እዚያ ነው። የሰፈራችን እናትም የሚታከሙት እዚያው ነው፤ ቀጠሯቸው በየሦስት ወሩ ነው።