ብሉዊ ዊልኪንሰን፦ ፍሬን በሌለው ሞተር ሳይክል ዓለምን ያሸነፈው

ዶራሌ ውስጥ ሞተር ሳይክል አይቶ የማያውቅ ተማሪ የለም። ፍሬን የሌለው ሞተር ሳይክል ያየ ግን ጥቂት ነው። እንዲህ ያለው ሞተር ሳይክል የሚሠራው ስፒድዌይ ለሚባለው የእሽቅድምድም ስፖርት ነው። በዚህ ስፖርት ታሪክ ስማቸው ከሚነሳ ቀደምት ተወዳዳሪዎች አንዱ አውስትራሊያዊው ብሉዊ ዊልኪንሰን ነው። ይህ ሰው አንድ ጊዜ ማንም ሳይቀድመው ዋንጫ አጥቷል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ አጥንቱ ተሰብሮ ሳለ ዋንጫ ወስዷል። አሟሟቱ በተለይ በከባድ መኪና መንገድ አጠገብ ለምንኖር ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱ

ሙሉ ስሙ አርተር ጆርጅ ዊልኪንሰን ነው። ኦገስት 27 ቀን 1911 በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት፣ ሚልቶርፕ በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። ያደገው ግን ከሲድኒ በስተ ምዕራብ በምትገኘው ባተርስት ነው። ጸጉሩ ቀይ ነበር። አውስትራሊያውያን ደግሞ ቀይ ጸጉር ያለውን ሰው በቀልድ ሰማያዊው ብለው ይጠሩታል። ብሉዊ የሚለው ቅጽል ስም የመጣው ከዚህ ነው፤ እስከ ዛሬም የሚታወቀው በዚሁ ስም ነው።

ዊልኪንሰን የ12 ዓመት ልጅ ሳለ በዚያው ግዛት ዌስት ሜይትላንድ በተባለች ከተማ አዲስ ነገር ተጀመረ። ጆኒ ሆስኪንስ የተባለ የኒውዚላንድ ተወላጅ፣ ለከተማዋ የእርሻ ትርዒት ተመልካች ለመሳብ ብሎ በ1923 በትርዒቱ ሜዳ ላይ በኤሌክትሪክ መብራት የሞተር ሳይክል ውድድር አዘጋጀ። ሕዝቡ ወደደው። ውድድሩ በየከተማው እየተስፋፋ ባተርስትም ደረሰ፤ ወጣቱ ዊልኪንሰንም የተማረው እዚያው ነው። በ1928 ስፖርቱ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። በዓመቱ ዊልኪንሰን ገና 18 ዓመት ሳይሞላው ባሕር ተሻግሮ ለንደን ገባ። በዚያ ዘመን ከአውስትራሊያ ወደ እንግሊዝ የሚሄዱ አብዛኞቹ የመንገደኞች መርከቦች በስዊዝ ቦይ ነበር የሚያልፉት፤ ስለዚህ ብዙዎቹ የአውስትራሊያ ተወዳዳሪዎች በባብ ኤል መንደብ፣ በእኛ ደጃፍ አልፈዋል ማለት ነው።

ሞተር ሳይክሉ እንዴት ይሠራል?

የስፒድዌይ ሜዳ ሞላላ ነው፤ አንዱ ዙር ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 400 ሜትር ይሆናል። አራት ተወዳዳሪዎች አራት ዙር ይዞራሉ፤ ሁሉም የሚዞሩት ወደ ግራ ብቻ ነው። ውድድሩ በአንድ ደቂቃ አካባቢ ያልቃል። አንደኛ የወጣ 3፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 1 ነጥብ ያገኛል፤ አራተኛው ባዶውን ይመለሳል።

ሞተር ሳይክሉ አንድ ሲሊንደርና አንድ ማርሽ ብቻ አለው። ነዳጁ ቤንዚን ሳይሆን ሜታኖል የተባለ አልኮል ነው። ለሞተሩ ማለስለሻ በጉሎ ዘይት ይጠቀሙ ስለነበር፣ የዘይቱ ሽታ ለተመልካቹ የስፖርቱ መታወቂያ ሆኖ ቆይቷል። በዊልኪንሰን ዘመን ሁሉም ማለት ይቻላል የሚነዱት በጆን አልፍሬድ ፕሬስትዊች የለንደን ፋብሪካ የተሠራውን ጃፕ የተባለ 500 ሲሲ ሞተር ነበር።

ፍሬን ከሌለ ታዲያ መታጠፊያው ላይ እንዴት ይደረጋል? ተወዳዳሪው መታጠፊያው ሲደርስ ሞተር ሳይክሉን ወደ ግራ ያጋድላል፤ ነዳጅ ሲሰጠው የኋላ ጎማው መሬት መቆንጠጡን ትቶ ወደ ውጭ ይንሸራተታል። የፊት ጎማውን ደግሞ ወደ ቀኝ ያዞራል። ሙሉ ሞተር ሳይክሉ በጎን እየተንሸራተተ ይታጠፋል፤ ፍጥነቱም በዚሁ መንሸራተት ይቀንሳል። የግራ እግሩ መሬት ስለሚነካ ጫማው ከሥር ብረት ይለበጣል። ፍሬን የቀረውም ለደኅንነት ነው። ተወዳዳሪዎቹ በጣም ተቀራርበው ስለሚነዱ አንዱ ድንገት ፍሬን ቢይዝ ከኋላ ያለው ይወጣበታል።

የወደብ ሠራተኞች ጀግና

ዊልኪንሰን በለንደን የተሰለፈው ለዌስት ሃም ቡድን ነው። የቡድኑ ስታዲየም የነበረበት ሠፈር ስም ወደ አማርኛ ብንመልሰው ጉምሩክ ቤት ማለት ነው። ከትልቁ የለንደን ወደብ አጠገብ ያለ ሠፈር ሲሆን ብዙ ነዋሪዎቹ መርከብ የሚያራግፉና የሚጭኑ ሠራተኞች ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ጭነት ሲሸከሙ ውለው ማታ ስታዲየም የሚመጡት እነዚህ ሰዎች ናቸው ቀይ ጸጉሩን አውስትራሊያዊ ጀግናቸው ያደረጉት። የወደብ ከተማ ልጆች የሆንን ሁሉ ይህን ሠፈር በቀላሉ በዓይነ ሕሊናችን ማየት እንችላለን። ቡድኑም በ1937 የእንግሊዝን ሊግ አሸነፈ።

ሳይቀደም የቀረው ዋንጫ

ሴፕቴምበር 10 ቀን 1936 በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ተካሄደ። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ አምስት ጊዜ ይወዳደራል፤ ከፍተኛው ነጥብ 15 ነው። ዊልኪንሰን አምስቱንም አሸንፎ 15 ነጥብ ሞላ። በዚያ ምሽት ማንም አልቀደመውም።

ሕጉ ግን በማጣሪያው የተገኘ ተጨማሪ ነጥብም አብሮ እንዲደመር ያዝዝ ነበር። ዊልኪንሰን ከማጣሪያው የያዘው 10 ነው፤ ድምሩ 25 ሆነ። የአገሩ ልጅ ላየኔል ቫን ፕራግ 12 ይዞ መጥቶ በምሽቱ 14 ጨመረ፤ እንግሊዛዊው ኤሪክ ላንግተን 13 ይዞ 13 ጨመረ። ሁለቱም 26 ሆኑ። በመለያው ውድድር ቫን ፕራግ አሸንፎ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። አንድም ጊዜ ያልተቀደመው ዊልኪንሰን ሦስተኛ ወጣ።

ሕጉ ለሁሉም አስቀድሞ የታወቀ ስለነበር ውጤቱ ጸና። ዊልኪንሰንም ስፖርቱን ጥሎ አልሄደም። በ1937 ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ያለውን ደረጃ አሜሪካውያን ወሰዱት። እሱ አሁንም መንዳቱን ቀጠለ።

በተሰበረ አጥንት

ሴፕቴምበር 1 ቀን 1938 እንደገና ዌምብሌይ ለፍጻሜ ቀረበ። ከውድድሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ወድቆ ከአንገቱ ሥር ያለው የትከሻ አጥንት ተሰብሮ ነበር። ትከሻው በፋሻ ታስሮ ገባ። በዚያ ሁኔታ እጀታ ጨብጦ የሚንሸራተት ሞተር ሳይክል መቆጣጠር ምን ያህል እንደሚያም መገመት አያዳግትም። ሲደመር 22 ነጥብ አገኘ፤ የ1937ቱ ሻምፒዮን ጃክ ሚልን 21። ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ ነጥብ ያመለጠው ዋንጫ በአንድ ነጥብ ልዩነት እጁ ገባ። ከዚያ በኋላ ከተወዳዳሪነት ወጣ። የ1939ኙ ፍጻሜ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ተሰረዘ፤ ዊልኪንሰንም አገሩ ተመለሰ።

አሟሟቱ

ጁላይ 27 ቀን 1940 ሲድኒ ውስጥ በተራ የከተማ መንገድ ላይ ሞተር ሳይክል እየነዳ ሳለ በደረሰበት አደጋ ሞተ። አብራው የነበረችው ባለቤቱ ተጎድታ ተረፈች። ዕድሜው 28 ነበር።

አሥር ዓመት ያህል ፍሬን በሌለው ሞተር ሳይክል ተወዳድሮ በሕይወት የወጣ ሰው፣ ፍሬን ባለው ሞተር ሳይክል መንገድ ላይ መሞቱ ያስገርማል። ነገሩን ስናስበው ግን ምክንያቱ ይገባናል። በሜዳው ላይ አራቱም ሰዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ሞተር ሳይክል ይዘዋል፤ ከፊት ለፊት የሚመጣ፣ መንገድ የሚያቋርጥ የለም። መንገድ ላይ ግን የጭነት መኪናው፣ ሞተረኛው፣ እግረኛውና ሕፃኑ በየአቅጣጫው ይገናኛሉ። ምን ያህል ጎበዝ ብንሆን የሌላውን ሰው ስህተት ልንቆጣጠር አንችልም።

ስፖርቱ ዛሬ

ከጦርነቱ በኋላ በ1949 ሻምፒዮናው ሲመለስ፣ አሸናፊው በፍጻሜው ምሽት ብቻ በሚያገኘው ነጥብ እንዲለይ ተደረገ። ይህ ለዊልኪንሰን ዘግይቶ የመጣ ፍትሕ ነው ማለት ይቻላል። የጃፕ ሞተር ቦታውን ለቼኮዝሎቫኪያው ጃዋ፣ በኋላም ለጣሊያኑ ጂኤም ለቀቀ። ዛሬ ስፖርቱ ከሁሉም የደራው ፖላንድ ውስጥ ሲሆን የዘመኑ ታላቅ ተወዳዳሪም ፖላንዳዊው ባርቶሽ ዝማርዝሊክ ነው። ሞተር ሳይክሉ ግን ዛሬም አንድ ማርሽ ያለው፣ ፍሬን የሌለው ነው። በእንግሊዝ ብዙ ሜዳዎች ተዘግተዋል። የዌስት ሃም ስታዲየምም በ1972 ተዘግቶ ቦታው መኖሪያ ቤት ሆነ። በዚያ ሠፈር አንዱ መንገድ ዊልኪንሰን ይባላል።

ውድ ተማሪዎች፣ ከዶራሌ ወደብ ተነስቶ ወደ ጋላፊ የሚወጣው የጭነት መኪና የብዙዎቻችን ወላጆች እንጀራ ነው። ያንን መንገድ የምታቋርጡ፣ ነገ ደግሞ መሪና እጀታ የምትጨብጡ እናንተ ናችሁ። ከዊልኪንሰን ጽናቱን ውሰዱ፤ ውጤት ሲጎድልባችሁ ለሚቀጥለው ተዘጋጁ። መንገድ ላይ ስትወጡ ግን አሟሟቱን አትርሱ፤ የራስ ቁር አድርጉ፣ ግራ ቀኝ አይታችሁ ተሻገሩ፣ እሽቅድምድሙን ለሜዳ ተዉት።