አሊ አብደል ላጢፍ፦ ነገዱን የተጠየቀው መኮንን

በካርቱም የኖርን ሁላችን ሸሪዓ አሊ አብደል ላጢፍን እናውቀዋለን። ቀድሞ የአሜሪካ ኤምባሲ የነበረበት መንገድ በመሆኑ ስንቶቻችን ለቪዛ ተሰልፈንበታል። ይሁን እንጂ መንገዱ የተሰየመለት ሰው ማን እንደነበረ ለልጆቻችን የነገርናቸው ጥቂቶች ነን። ስለዚህ በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔታችን ታሪኩን በአጭሩ እናቀርባለን።

አሊ በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዋዲ ሐልፋ ተወለደ። አባቱ የኑባ፣ እናቱ የዲንቃ ተወላጅ ሲሆኑ፣ ወላጆቹ ከባርነት የወጡ ነበሩ። አባቱ ወታደር ነበር፤ እርሱም በካርቱም ወታደራዊ ትምህርት ቤት ተምሮ በ1914 መኮንን ሆነ። በ1922 የሱዳን ሕዝብ መብት እንዲከበር የሚጠይቅ ጽሑፍ ለሐዳራ ጋዜጣ ላከ። ጽሑፉ ሳይታተም እርሱ ለአንድ ዓመት ታሰረ። በ1924 ከጓደኞቹ ጋር የነጭ ባንዲራ ማኅበርን መሠረተ፤ ብዙም ሳይቆይ እንግሊዞች እንደገና አሰሩት። ባለቤቱ አል አዛም በሰላማዊ ሰልፍ በመካፈል ከመጀመሪያዎቹ ሱዳናውያት አንዷ ሆና ትታወሳለች።

እንግሊዞች በእስር ሲያጠቁት፣ የገዛ አገሩ ታላላቅ ሰዎች በዘሩ መቱት። ሐዳራ ሐሳቡን ከመመርመር ይልቅ ነገዱ የማይታወቅ ሰው ስለ ሱዳን የመናገር መብት የለውም ሲል ጻፈ። የማኅበሩ አባላት በምርመራ ላይ ነገዳቸውን ሲጠየቁ ሱዳናዊ ነን አሉ። በዚያን ዘመን ይህ ቃል ለጥቁርና ለባሪያ ዘር የሚሰጥ የንቀት ስም ነበር፤ እነርሱ ግን የክብር ስም አደረጉት።

አሊ ከረጅም እስር በኋላ ወደ ግብፅ ተወሰደ፤ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ቆይቶ በ1948 ዐረፈ። የ1956ቱን ነጻነት አላየም። መንገድ በስሙ ተሰየመለት፤ ወገኖቹ ግን ደቡብ ሱዳን በ2011 እስክትገነጠል፣ ከዚያም በኋላ፣ በካርቱም ጎዳናዎች ባሪያ ተብለው ሲሰደቡ ሰምተናል።

እኛም ከ2023ቱ ጦርነት በፊት ቤት ልንከራይ ስንሄድ ከስማችን በፊት ዘራችንን ተጠይቀናል፤ ሐበሽ መሆናችን ሲታወቅም ቤቱ ተይዟል ተብለን ተመልሰናል። አዝነናል። ነገር ግን በአገራችን ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቢሻርም ስድቡ ዛሬም ከአፋችን አልጠፋም። ለጋብቻ አጥንት የምንቆጥረው፣ ልጃችን ጓደኛ ይዞ ሲገባ የማን ዘር ነው የምንለው እኛው ነን።

ኢዮቤልዩ በጥንቱ ሥርዓት ባሪያ ነጻ የሚወጣበት ዓመት ነበር። ወላጆች ሆይ፣ በዚህ ዓመት ቢያንስ ይህችን ጥያቄ ከቤታችን እናስወጣ።