አስቴር ጋኖ፦ በእናት ቋንቋ ፊደል ያስቆጠሩ መምህርት



በዚህ እትም የአንዲት መምህርትን የሕይወት ታሪክ ላካፍላችሁ ወደድኩ። ስማቸው አስቴር ጋኖ ይባላል። በኦሮምኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ በክብር ይነሣሉ፤ በወልቂጤና በቡታጅራ ግን ብዙም ሲወሩ አንሰማም። ቤት ውስጥ ጉራጊኛ እየተናገሩ ትምህርት ቤት በአማርኛ ፊደል የሚቆጥሩ ልጆች ያሉን እናቶች ከእሳቸው የምንማረው ብዙ ነው።

አስቴር የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ነው። ሲወለዱ ነፃ ነበሩ፤ በኋላ ግን የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋቸው። በዚያ ዘመን ብዙ ልጆች ከየመንደራቸው እየተያዙ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ይሸጡ ነበር፤ የጉራጌ ልጆችም ከዚህ መከራ አላመለጡም። አስቴርም ወደ ዓረብ ምድር ሊሸጡ በጀልባ ሲወሰዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1886 የጣሊያን መርከቦች ጀልባዋን ያዟትና ነፃ ወጡ። ከዚያም በምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በሚባለው ቦታ ወደነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተወሰዱ።

በዚያ ኦነሲሞስ ነሲብ ነበሩ። እሳቸውም በልጅነታቸው በባርነት ተሸጠው ምጽዋ ላይ ነፃ የወጡ ሰው ናቸው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ጀምረዋል፤ ነገር ግን ከወገናቸው የተለዩት ገና ሕፃን ሳሉ ስለነበር ቃላት ያጥራቸው ነበር። ወጣቷ አስቴር ቋንቋውን ጠንቅቀው እንደሚያውቁ ስላዩ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጁ ሥራ ሰጧቸው። የቃላቱ ስብስብም እ.ኤ.አ. በ1893 የታተመውን የአዲስ ኪዳን ትርጉም ለማቃናት አገለገለ።

አስቴር በዚህ አላበቁም። እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን እያሉ 500 የሚያህሉ የቃል ቅርሶችን በጽሑፍ አሰፈሩ። እ.ኤ.አ. በ1894 እሳቸውና ኦነሲሞስ ለጀማሪ አንባቢዎች ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ብዙዎቹ ገቡ። መጽሐፉ የተጻፈው እኛም በምናውቀው በግዕዝ ፊደል ነበር። ልጁ ፊደሉን ሲለይ የሚያገኘው ባዕድ ነገር አልነበረም፤ በእሳት ዳር ሲሰማው ያደገው ጨዋታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1904 አስቴርና ጓደኞቻቸው ወደ ወለጋ ተመለሱ። ነቀምቴ ላይም በኦሮምኛ ማስተማር ጀመሩ። ሥራው ከአካባቢው ካህናት ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞታል። አስቴር ረጅም ዕድሜ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1964 አረፉ። ያን ጊዜ በመንግሥት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ትምህርት በአማርኛ ነበር። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ የሚፈቅደው የትምህርት ፖሊሲ የወጣው ከ30 ዓመት በኋላ በ1986 ዓ.ም. ነው።

እህቶቼ፣ ይህን ታሪክ ያነሣሁት ስለ ልጆቻችን ነው። ቤት ውስጥ ጉራጊኛ ብቻ ሲሰማ የኖረ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ ሁለት ሸክም ባንድ ጊዜ ይጫንበታል፤ አንዱ ፊደሉ፣ ሌላው ቋንቋው። ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠራ ቃሉን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ትርጉሙ ግን አይገባውም። ያኔ ሰነፍ ይባላል፣ ያፍራል፣ ቀስ በቀስም ከትምህርቱ ይርቃል። ያው ልጅ እኮ ስለ እንሰት አፋፋቅ ወይም በጀፎረው ላይ ስላየው ነገር በጉራጊኛ ሲያወራ የሚያቆመው የለም! አእምሮው አልደከመም፤ የጎደለው ድልድይ ነው።

ድልድዩን እኛው መሥራት እንችላለን። አያት ወይም እናት ተረት ትንገር፤ ማንበብ ባትችልም ግድ የለም፤ ዋናው ሀብት በአፏ ያለው ነው። ከፍ ያለ ክፍል የደረሰች ልጅ ትጻፈው፤ ለጉራጊኛ ልዩ ድምፆች የተቀረጹ ተጨማሪ ፊደላትም አሉን። ትንሹ የሚያውቀውን ተረት በጣቱ እየተከተለ ያንብበው። ከዚያ ያንኑ ተረት በአማርኛ ይናገር፣ ቀጥሎም በአማርኛ ይጻፍ። እንዲህ ሲሆን አማርኛው በሚያውቀው ነገር ላይ ይጨመርለታል እንጂ የራሱን አይተካበትም። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም የሚቸገር ልጅ ካለ ዓይኑና ጆሮው በጤና ጣቢያ ይታይ።

የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ወጪውን ማስላቴ አልቀረም፤ የሚያስፈልገው ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባችን እያንዳንዳችን አንድ ተረት ወይም አንድ እንቆቅልሽ ይዘን እንምጣ፤ ተጽፎ በአንድ ደብተር ይጠረዝና ለልጆቻችን የመጀመሪያ የንባብ መጽሐፍ ይሁናቸው። አስቴር ጋኖ ከወገናቸው ርቀው በስደት ምድር 500 ሰብስበዋል። እኛ በገዛ ቀያችን ሆነን 50 ቢያቅተን ያስወቅሰናል።