ቻርልስ ኒውተን፤ ከተለመደው ቀልሃ አዲስ ጥይት ያበጀ ሰው

ኒውተን የሚለው ስም ሲነሣ የአብዛኞቻችን ሐሳብ የስበትን ሕግ ወደ ደረሰበት እንግሊዛዊ ሊቅ መሄዱ አይቀርም። የዚህ ጽሑፍ ባለታሪክ ግን አሜሪካዊው ቻርልስ ኒውተን ነው። ሙያው ጥብቅና ሲሆን ስሙን ያስጠራው የጠመንጃ ጥይት ንድፍ ነው።

ኒውተን በ1868 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ የሚከተሉትም ዓመታት እንዲሁ) በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ተወለደ። በወጣትነቱ ዘመን ጢስ አልባው ባሩድ የጥቁሩን ባሩድ ቦታ መያዝ ጀምሮ ነበር። ቀጭን አረር ከሰፊ ቀልሃ ቢወነጨፍ በአዲሱ ባሩድ ኃይል እጅግ የላቀ ፍጥነት እንደሚያገኝ ኒውተን ተገነዘበ። ለሐሳቡ የሚስማማ ቀልሃ ግን በገበያ አልነበረም፤ አዲስ ለማሠራትም ፋብሪካ ያሻል። ስለዚህ በብዛት የሚገኘውን ቀልሃ ወስዶ ቅርጹን መለወጥ መረጠ።

ቀልሃ የሚሠራው 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ከሆነ ናስ ነው። ወፍራሙ መቀመጫው እንዳለ ይቀራል፤ የሚለወጡት ትከሻውና አንገቱ ናቸው። ቀልሃው ቅባት ተቀብቶ በጠንካራ የብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ሲገፋ አንገቱ ይጠባል። ለምሳሌ የ.30-06 ቀልሃ 7.8 ሚሊሜትር አረር ሲይዝ፥ ከእርሱ የተበጀው .256 ኒውተን የሚይዘው 6.7 ሚሊሜትር ነው። ይሁን እንጂ ዙሪያው ሲጠብ ናሱ አይጠፋም፤ የአንገቱ ግድግዳ ይወፍራል። ተልጎ ካልሳሳ ጥይቱ ሲተኮስ አንገቱ የሚሰፋበት ቦታ ያጣና አረሩን አንቆ ይይዛል፤ ግፊቱም ለተኳሹ አደገኛ እስከ መሆን ይደርሳል። ናስ ያለ ሙቀት ሲቀጠቀጥ ስለሚደርቅም አንገቱ እንዳይሰነጠቅ በእሳት ይለዝባል። መቀመጫው ግን ግፊቱን ተሸካሚ በመሆኑ እሳት ሊነካው አይገባም።

ኒውተን በዚህ ዘዴ የ.25-35 ዊንቸስተርን ቀልሃ አንገት አጥብቦ ያበጀውን ጥይት ሳቬጅ የተባለው ኩባንያ በ1912 ለገበያ አቀረበው። በ1915 ደግሞ .250 የተባለው ጥይቱ ወጣ። ኒውተን ያሰበለት አረር 6.5 ግራም ገደማ የሚመዝን ነበር፤ ኩባንያው ግን በሴኮንድ 3000 ጫማ (914 ሜትር) የሚለውን ቁጥር ለማስታወቂያ ስለ ፈለገው አረሩን ወደ 5.6 ግራም አቀለለው።

በ1914 ኒውተን በባፋሎ ከተማ የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። ጠመንጃዎቹን በጀርመን ማውዘር ላይ መሥርቶ ለመሥራት አቅዶ ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣና ከጀርመን የሚጠብቀው ዕቃ ተቋረጠ። የራሱን ጠመንጃ ነድፎ ማምረት በጀመረበት በ1917 አሜሪካም ወደ ጦርነቱ ገባች። ኩባንያው በ1918 በዕዳ ጠባቂ እጅ ወደቀ። ከዚያ ወዲያ ያደረጋቸው ሙከራዎችም አልሰመሩለትም፤ በ1932 አረፈ። በስሙ የሚጠሩትን ጥይቶች ያመርት የነበረው ዌስተርን ፋብሪካም በ1938 ማምረቱን አቆመ።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። የ.256 ኒውተን ባለቤቶች የ.30-06ን ቀልሃ እየወሰዱ በየቤታቸው ጥይታቸውን ማበጀት ቀጠሉ። የ.250 ቀልሃም በተራው ወላጅ ሆነ፤ ሌሎች አንገቱን አጥብበው ያበጁትን .22-250 ሬሚንግተን በ1965 የፋብሪካ ምርት አድርጎ ተቀበለው።

መለዋወጫ በመጠበቅ የቆመ መሣሪያ ያላየ መሐንዲስ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ኒውተንን መጀመሪያ ያሰናከለው ከባሕር ማዶ በሚመጣ አንድ ዕቃ ላይ መመርኮዙ ነበር። ሥራውን ከሞቱ በኋላ ያኖረው ደግሞ ማንም በቅርብ ከሚያገኘው ቀልሃ መነሣቱ ነው። ንድፍ ስናወጣ ፋብሪካው ቢዘጋ ዕቃውን ከምን እናበጀዋለን ብለን አስቀድመን ብንጠይቅ ከዚህ ሰው ሕይወት ተምረናል ማለት ነው።