ስኪነር፡- ከዱላ ይልቅ ጉርሻን የመረጡ የእንስሳት ባሕርይ ተመራማሪ

በግ የሚያሳድድ ውሻ ከዚህ አመሉ የሚላቀቀው በቅጣት ነው ወይስ በጉርሻ? ይህ ጥያቄ በአውሮፓና በአሜሪካ የውሻ አሠልጣኞችን ለሁለት ከፍሎ ዛሬም ያከራክራል። አንደኛው ወገን ጥፋት ወዲያው መታረም አለበት ይላል። ለዚህም ሲጎተት አንገት የሚያጠብቅ ሰንሰለት፣ ወደ ውስጥ የዞረ የብረት ጥርስ ያለው ማሰሪያ ወይም ከርቀት የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጥ ማሰሪያ ይጠቀማል። ሌላው ወገን ደግሞ ውሻው ትክክለኛውን ሲሠራ ምግብ ወይም የሚወደውን ሌላ ነገር በመስጠት መልካሙን አመል ማጠናከር ይሻላል ይላል። የሁለተኛው ወገን አሠራር በአብዛኛው የተመሠረተው አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ቡረስ ፍሬደሪክ ስኪነር በደረሱበት ዕውቀት ላይ ነው።

ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1904 በፔንሲልቬንያ ግዛት ሰስኰሃና በተባለች አነስተኛ የባቡር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ጠበቃ ነበሩ። በልጅነታቸው አባታቸው መትተዋቸው አያውቁም፤ እናታቸውም የቀጧቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያኔም ክፉ ቃል በመናገራቸው አፋቸውን በሳሙና አጠቧቸው። ይሁን እንጂ የቅጣት ማስፈራሪያ ከቤታቸው አልጠፋም። አባታቸው የጥፋተኛን መጨረሻ እንዲያዩ ብለው ወደ እስር ቤት ወስደው አስጎበኟቸው። አያታቸው ደግሞ ገሃነም ምን እንደሚመስል ለማስረዳት በምድጃው ውስጥ የጋመውን ፍም አሳዩአቸው። ስኪነር እነዚህን ትዝታዎች በኋላ ስለ ራሳቸው ሕይወት ሲጽፉ አንስተዋቸዋል።

ልጁ ስኪነር እጃቸው ሥራ የማይፈታ ነበር። ከጓደኛቸው ጋር የዱር ፍሬ ለቅመው ቤት ለቤት ሲሸጡ፣ የበሰለውን ከጥሬው በውኃ የሚለይ መሣሪያ ሠርተው ነበር። በሃሚልተን ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1926 ተመረቁ። ሐሳባቸው ደራሲ መሆን ነበር፤ አልተሳካላቸውም። በዚያ ጊዜ ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኢቫን ፓቭሎቭ በውሾች ላይ ያደረጉትን ምርምር አነበቡና ፊታቸውን ወደ ሥነ ባሕርይ አዞሩ። እ.ኤ.አ. በ1931 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ።

በእጃቸው የሠሩት ሳጥን በሙያው ዓለም ስማቸውን አስጠራ። በሳጥኑ ውስጥ ያለች አይጥ አንዲት ዘንግ ስትጫን ትንሽ ምግብ ይወርድላታል። ምግብ ያስገኘላትን ድርጊት አይጧ ደጋግማ ትሠራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተሙት መጽሐፍ ደግሞ የቅጣትን ነገር የፈተሹበት ሙከራ ሰፍሯል። ዘንግ መጫን በለመዱ አይጦች ላይ ምግቡን አቋረጡ። ከመካከላቸው ከፊሎቹ ግን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ዘንጉን ሲጫኑ መዳፋቸውን ይመቱ ነበር። የተመቱት አይጦች ወዲያው አቆሙ። ምቱ ሲቀር ግን ተመልሰው መጫን ጀመሩ፤ በመጨረሻም ካልተመቱት ጋር እኩል ያህል ተጫኑ። ምቱ ድርጊቱን ለጊዜው አፍኖት ነበር እንጂ አላጠፋውም።

ስኪነር ከዚህ ተነስተው ከጊዜ በኋላ ስለ ቀጪው ስለ ራሱም አንድ ነገር አስተውለዋል። ሰው ሲመታ እንስሳው ወዲያው ስለሚያቆም ዱላው የሠራ ይመስለዋል። ስለዚህ ደግሞ ይመታል። የእንስሳው አመል ሳይለወጥ የመታው ሰው አመል ይጸናል ማለት ነው።

ለአሠልጣኞች ትልቁን ትምህርት ያገኙት ግን በዱቄት ፋብሪካ ጣሪያ ሥር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1943፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ በሚገኘው የጄኔራል ሚልስ ፋብሪካ የላይኛው ፎቅ ላይ ርግቦች ቦምብ ወደ ዒላማው እንዲመሩ ያሠለጥኑ ነበር። ሠራዊቱ ሐሳቡን ከቁም ነገር ስላልቆጠረው ርግቦቹ አልዘመቱም። አንድ ቀን በመጠባበቅ ላይ ሳሉ ስኪነርና ረዳቶቻቸው አንዲት ርግብ የእንጨት ኳስ በምንቃሯ እንድትመታ ሊያስተምሯት ሞከሩ። ኳሱን እስክትመታ ቢጠብቁ ምንም የለም። ከዚያ ወደ ኳሱ ዞር ብላ በማየቷ ብቻ እህል ሰጧት፤ ቀጥሎ ስትጠጋው፣ ቀጥሎ በምንቃሯ ስትነካው። በደቂቃዎች ውስጥ ርግቧ ኳሱን በኃይል ትመታው ጀመር። ሙሉውን ሥራ ከመጠበቅ ይልቅ ወደ ሥራው የሚያቀርበውን እያንዳንዱን ትንሽ እርምጃ መሸለም እንደሚያዋጣ የተገለጠላቸው ያን ቀን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1951 ስኪነር ይህንኑ ዘዴ ለማንኛውም ሰው በሚገባ መንገድ በአንድ የሳይንስ መጽሔት ላይ ጻፉ። መጀመሪያ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰምቶ ወዲያው ምግብ ይሰጣል። ውሻው ድምፁን ከምግብ ጋር ሲያያይዝ፣ ከዚያ በኋላ ድምፁ ትክክለኛው ድርጊት በተፈጸመበት ቅጽበት ይሰማል። ዋናው ቁም ነገር ጊዜው ነው፤ ዘግይቶ የመጣ ጉርሻ ሌላ ድርጊት ያስተምራል።

በርግቦቹ ሥራ ላይ አብረዋቸው የነበሩት ተማሪዎቻቸው ኬለርና ማሪያን ብሬላንድ እ.ኤ.አ. በ1947 የራሳቸውን ድርጅት አቋቁመው ለእንስሳት መኖ ማስታወቂያ ዶሮዎችን አሠለጠኑ። ብዙ ዓይነት እንስሳት ካሠለጠኑ በኋላ ግን ጉርሻም ወሰን እንዳለው እ.ኤ.አ. በ1961 በግልጽ ጻፉ። ከእንጨት የተሠራ ሳንቲም ወደ ሣጥን እንዲጨምሩ የተማሩ አሳማዎች ውለው ሲያድሩ ሳንቲሙን መሬት ላይ እየጣሉ በአፍንጫቸው መቆፈር ያዙ። የተፈጥሮ ጠባይ ሥልጠናን ያሸንፋል። የስኪነርም ዘዴ በረሃብ ላይ የቆመ ነበር፤ ርግቦቻቸው ክብደታቸው ቀንሶ እንዲቆይ መኗቸው ይመጠን ነበር። ስለዚህ ጉርሻም ቢሆን ርኅራኄ ይፈልጋል።

የእርማት መሣሪያ ደጋፊዎች ይህንን ይዘው ይከራከራሉ። ለውሻ በግ ማሳደድ ራሱ ጉርሻ ስለሆነ ቁራሽ ሥጋ አይመልሰውም ይላሉ፤ አንድ በግ ከተነከሰ ጉዳቱ የባለ በጉ ነውና ስጋታቸው ቀላል አይደለም። በእንግሊዝ የሊንከን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈትሸው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2014 አሳትመዋል። ሲጠሩ የማይመለሱና እንስሳ የሚያሳድዱ 63 ውሾችን በሦስት ቡድን ከፍለው ሲያሠለጥኑ፣ የኤሌክትሪክ ማሰሪያው ከጉርሻው የተሻለ ውጤት በወጥነት አላሳየም፤ በውሾቹ ላይ ግን የጭንቀት ምልክት ታይቷል። ዌልስ ከዚያ ቀደም ብላ እ.ኤ.አ. በ2010 የኤሌክትሪክ ማሰሪያን ከልክላለች።

ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1990 በደም ካንሰር በ86 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከማረፋቸው ስምንት ቀን ቀደም ብለው በቦስተን ከተማ በሙያ ጓደኞቻቸው ፊት ቆመው ንግግር አድርገው ነበር።

ከሕይወታቸው የሚቀሰመው ትምህርት ውሻ ለሚያሳድግም፣ ወይፈን ለሚገራም ይሠራል። የተፈለገው ሥራ በትንሽ በትንሹ ተከፍሎ ቢሰጥ፣ እንስሳው በትክክል በሠራበት ቅጽበት ቢበረታታ፣ በግ የማሳደድ ዕድል ደግሞ ሥልጠናው እስኪጸና በገመድ ቢታገድ፣ አለንጋ የሚነሣበት ምክንያት ይቀንሳል። አለንጋው ሲነሣም ዝም ያለ እንስሳ ተማረ ማለት እንዳልሆነ ማስታወስ ይገባል።