ግዞተኛዋ ሜሪ ሬይቢ

በዚህ ጽሑፋችን የአንዲት እንግሊዛዊት ሴት የሕይወት ታሪክ እናቀርባለን። በልጅነቷ ሌባ ተብላ ከአገሯ ተባረረች፤ ስትሞት ግን በሲድኒ ከተማ ስማቸው ከታወቀ ባለጸጎች አንዷ ነበረች። እኛን ይበልጥ የገረመን ሀብቷ አይደለም። የገረመን ሌባ የሚለው ስም ፍርዱ ካለቀ በኋላ ስንት ዘመን እንደ ተከተላት ነው።

አስቀድመን ስለ ዘመኑ ጥቂት እንበል። እንግሊዝ ወንጀለኞቿን ወደ ሰሜን አሜሪካ ግዛቶቿ ስትልክ ኖራ፣ አሜሪካውያን ነፃ በወጡ ጊዜ ያ በር ተዘጋባት። ወህኒ ቤቶቿ ስለ ተጨናነቁም ፊቷን ወደ አውስትራሊያ አዞረች። በ1788 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 11 መርከቦች የመጀመሪያዎቹን እስረኞች አደረሱ፤ እስከ 1868 ድረስም ከ160,000 በላይ ሰዎች በዚሁ መንገድ ተጋዙ። ከእነዚህ አብዛኞቹ በስርቆት የተፈረደባቸው ነበሩ።

ሜሪ ሄይዶክ በ1777 ላንካሻየር በተባለው አውራጃ፣ ቤሪ በምትባል ከተማ ተወለደች። ወላጆቿን በልጅነቷ ስላጣች ያሳደገቻት አያቷ ናት። ተቀጥራ ከምትሠራበት ቤት ኮበለለች፤ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ስሟንም ጄምስ ባሮው ብላ ስትዘዋወር በፈረስ ስርቆት ተያዘች። ሴት ልጅ መሆኗ የታወቀው ለፍርድ ከቀረበች በኋላ ነው። ፈረስ መስረቅ በዚያ ዘመን በስቅላት የሚያስቀጣ ወንጀል ነበርና ነፍሷ መትረፉ እንደ ዕድል ይቆጠራል። የስታፎርድ ፍርድ ቤት የሰባት ዓመት ግዞት ፈረደባት። ያን ጊዜ አሥራ አምስት ዓመት አልሞላትም።

በጥቅምት 1792 ሮያል አድሚራል በተባለችው መርከብ ሲድኒ ደረሰች። ገና ከመርከብ ሳትወርድ ለአክስቷ የጻፈችው ደብዳቤ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። ሌሎች የዕድሜ ልክ ነው እንዳሏት፣ አገረ ገዢው ግን ሰባት ዓመት ብቻ መሆኑን እንደ ነገራት ትገልጽና በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ማምለጫ እንደምትፈልግ ታስታውቃለች። ምስኪን ልጅ! ያን ባሕር መልሳ ለመሻገር ሃያ ስምንት ዓመት ፈጀባት።

በመጀመሪያ በሻለቃ ፍራንሲስ ግሮስ ቤት ሞግዚት ሆና ተመደበች። በ1794 ቶማስ ሬይቢ የተባለውን ወጣት የመርከብ መኮንን አገባች። ባለ ትዳር ሆነው ሰባት ልጆች ያሳደጉ እናት ናቸውና ከዚህ ወዲያ አንቱ ማለት ይገባናል።

ባልና ሚስቱ በሆክስበሪ ወንዝ ዳር መሬት ተሰጣቸው። መሬቱ ባለቤት አልነበረውም እንዳይባል፤ የዳሩግ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ይኖርበት ነበር፤ ሰጪው መንግሥት ግን አልጠየቃቸውም። ባለቤታቸው እህልና ዕቃ በጀልባ ወደ ሲድኒ ማመላለስ ጀመሩ። ንግዱ እየሰፋ ሄዶ መርከቦቻቸው እስከ ባስ የባሕር ወሽመጥ፣ እስከ ፓስፊክ ደሴቶች፣ ኋላም እስከ ህንድና ቻይና ተጓዙ። በሲድኒ መካከል የሠሩትንም ቤት በካልካታ ከተማ በሚገኝ ሰፈር ስም እንታሊ አሉት።

በሚያዝያ 1811 አቶ ቶማስ ሞቱ። ብዙም ሳይቆይ የንግድ ሸሪካቸው ኤድዋርድ ዊልስ ተከተሏቸው። ወይዘሮ ሜሪ በሠላሳ ሦስት ዓመታቸው ከሰባት ልጆች፣ ከመርከቦችና ከመጋዘን ጋር ብቻቸውን ቀሩ። ብዙ ሰው ሸጠው ይቀመጣሉ ሳይል አልቀረም። እሳቸው ግን በማግስቱ ዓመት አዲስ መጋዘን ከፈቱ፤ በ1817ም ተጨማሪ መርከቦች ገዙ። የአገሪቱ የመጀመሪያ ባንክ፣ የኒው ሳውዝ ዌልስ ባንክ፣ በዚያው ዓመት ሥራ የጀመረው በእሳቸው ቤት ነው። ገርና ለስላሳ ሴት ብቻ ነበሩ ብለን እንዳናታልል ደግሞ፣ በዚያው ዓመት አንድ ባለ ዕዳቸውን ደብድበው ጥፋተኛ መባላቸውንም መጨመር ይገባናል።

በ1820 ሀብታቸው 20,000 ፓውንድ ደርሶ ነበር። ነገር ግን በሲድኒ በገዛ ፈቃዳቸው የመጡት ሰዎች የቀድሞ እስረኞችን በማዕዳቸው አያስቀምጡም ነበር፤ እስረኛ የነበረ ሰው ምንም ያህል ቢከብር በጀርባው ይንሾካሾኩበት ነበር። አገረ ገዢው ማኳሪ የፍርድ ዘመኑን የጨረሰ ሰው እንደ ማንኛውም ሰው ይቆጠር ብለው ወይዘሮ ሜሪን ጭምር ቢያቀርቡም፣ በዚህ ምክንያት ብዙ ጠላት አፍርተዋል። ወይዘሮ ሜሪ በ1820 ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ እንግሊዝ ሄዱ፤ የተወለዱበትንም አውራጃ ጎብኝተው በ1821 ተመለሱ።

በ1828 የሕዝብ ቆጠራ ሲደረግ እያንዳንዱ ሰው እንዴት እንደ መጣ ይጠየቅ ነበር፤ እስረኛ ሆኖ ነው ወይስ በፈቃዱ? ወይዘሮ ሜሪ በ1821 በፈቃዳቸው እንደ መጡ አስመዘገቡ። ነገሩ ውሸት ነው እንዳንል በዚያ ዓመት በእርግጥ ትኬት ቆርጠው መጥተዋል። እውነት ነው እንዳንል ደግሞ የ1792ቱ ጉዞ የት ይግባ? ስለዚህ ነገር እርስ በርሳችን ተከራክረናል፤ ከመካከላችን አሳፋሪ ነው ያሉ አሉ። እኛ ግን በአብዛኛው የወሰንነው እንዳንፈርድባቸው ነው። የሰባት ዓመቱ ፍርድ ካለቀ ሠላሳ ዓመት ያህል ሆኖት ነበር፤ የሚያገቡና የሚዳሩ ልጆችም ነበሯቸው።

የልጅ ልጆቻቸው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የበኩር ልጃቸው ቶማስ ወደ ታዝማኒያ ሄደው ሰፊ ርስት አቀኑ፤ የቤታቸውንም ስም እንደ እናታቸው ቤት እንታሊ አሉት። የእሳቸው ልጅ፣ ሦስተኛው ቶማስ፣ በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ዲያቆናት ሆኑ፤ ይህ ማዕረግ በእነርሱ ዘንድ ሌሎች ካህናትን የሚቆጣጠር ካህን የሚይዘው ነው። በኋላ ክህነቱን ትተው ወደ ፖለቲካ ገቡና በ1876 የታዝማኒያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የሴት ልጃቸው ልጅ ጆሴፍ ኢነስ ደግሞ በ1881 የኒው ሳውዝ ዌልስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ተሾሙ። በፈረስ ስርቆት የተፈረደባት ልጅ የልጅ ልጅ በፍርድ ወንበር ተቀመጠ ማለት ነው።

አያትየው ይህን አላዩም። ንግዱን ትተው በበጎ አድራጎትና በትምህርት ቤት ጉዳይ ሲደክሙ ቆይተው በግንቦት 1855 በሰባ ስምንት ዓመታቸው ሲድኒ አጠገብ ኒውታውን በሚባለው ሰፈር ዐረፉ። በዛሬው ጊዜ ብዙ አውስትራሊያውያን ከቅድመ አያቶቻቸው መካከል እስረኛ የነበረ እንዳለ ለማወቅ የድሮ መዝገብ ያገላብጣሉ፤ ሲያገኙም ደስ ይላቸዋል። የወይዘሮ ሜሪም ሥዕል፣ መነጽራቸውን እንዳደረጉና ሻሻቸውን እንዳሰሩ፣ ከ1994 ጀምሮ በአውስትራሊያ የሃያ ዶላር ኖት ላይ ታትሟል።