የራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ

በሶዶ መኝታ ክፍል ካርታ ስትጫወቱ የምታመሹ ወንድሞች፣ ይህን ታሪክ ስሙ። የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ አንጣሎና ጨለቆት ላይ ተቀምጠው ከሃያ ዓመት በላይ ገዙ። በ1805 እ.ኤ.አ. የጐበኛቸው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሳልት ሰንጠረዥ እጅግ እንደሚወዱ ተመለከተ። የአገራችን ሰንጠረዥ በወረራ ይጀመራል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የለም። ጠጠሮቹ ትልልቅ የዝሆን ጥርስ ነበሩ። በዙሪያው ያለ ሁሉ፣ ባሮች እንኳ ሳይቀሩ፣ ጠጠር እያነሡ በጫጫታ ይመክራሉ። የሚያሸንፉት ግን ምን ጊዜም ራስ ናቸው፤ መኳንንቱ በዘዴ ይሸነፉላቸዋልና። ጦር ሜዳ ላይ ማንም አልለቀቀላቸውም፤ ገበታው ላይ ግን ጨዋታውን ከማን ሊማሩ ይችሉ ኖሯል? በ1816 እ.ኤ.አ. ዐረፉ። ወዲያው መኳንንቱ እርስ በርስ ተዋጉ፤ በኋላም ሰባጋዲስ ትግራይን ያዘ።